የልብስ ሰፊው ልጅ ትምህርት

በደሴ ከተማ በልብስ ስፌት የሚተዳደር አንድ ሰው ነበረ። ይህም ሰው ከማለዳ እስከ ምሽት ከመኪናው ፊት ተቀምጦ፣ የሰውን ወገብ ሲለካና ጨርቅ ሲቀድ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሯል። ልጁንም ሐኪም ይሆንልኛል ብሎ ከድኽነቱ ቈጥቦ አስተማረው። ዳሩ ግን የፈተናው ውጤት በመጣ ጊዜ ነጥቡ ለሕክምና ሳይበቃ ቀረና ልጁ ወደ ስፖርት ሳይንስ ክፍል ተመደበ።

አባት ይህን ሲሰማ አልተቈጣም፤ ቢቈጣ ይሻል ነበር። መቀሱን አስቀምጦ፣ «ልጄ፣ ሩጫም ትምህርት ሆነ? አበበ ቢቂላ በየትኛው ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ነው በባዶ እግሩ ያሸነፈ?» አለው። ልጁም መልስ አጥቶ ዐንገቱን ደፋ። አበበን ለ1960ው የሮም ድል ያበቃው ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን መሆኑን ያን ጊዜ አላወቀም ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።) ጎረቤት «ልጅሽ ምን ያጠናል?» ባለ ጊዜም እናቱ «ሳይንስ» ብላ ታልፍ ነበር እንጂ የፊተኛውን ቃል አትጠራውም ነበር።

ተማሪው ኳስ ሲያንከባልል የሚውል መስሎት ነበር። ነገር ግን ጠዋት በሜዳ ሮጦና ዘልሎ ከደከመ በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ስለ ጡንቻና ስለ አጥንት፣ ስለ ደም ዝውውርና ስለ ትንፋሽ ይማር ጀመር። እንግሊዛዊው ሊቅ አርቺባልድ ሂል፣ ስለ ጡንቻ ሙቀት ባደረገው ምርምር የ1922ን የኖቤል ሽልማት የተቀበለው፣ የትንፋሽ አየር ማጠራቀሚያ ከረጢት ተሸክሞ ራሱ በሣር ሜዳ ላይ እየሮጠ፣ ሰው ምንም ቢፈጥን ሰውነቱ ከልኩ በላይ ኦክስጅን ሊወስድ እንደማይችል ማስረዳቱን ሲያነብ ተደነቀ። ሌላ ቀንም መምህሩ በ1943 በሃርቫርድ የወጣውን ፈተና አስፈተናቸው። ይኸውም በአግዳሚ ወንበር ላይ በደቂቃ 30 ጊዜ እየወጡ እየወረዱ እስከ አምስት ደቂቃ መቈየትና ከዚያ በኋላ የደም ሥርን ምት መቍጠር ነው። ሲነገር ቀላል ነው፤ ጕልበቱ የተንቀጠቀጠበት ግን ያውቀዋል።

ከሁሉ ይልቅ ልቡን የያዘው የሐኪሙ የጄሪ ሞሪስ ነገር ነበር። ሞሪስና ባልደረቦቹ የልብ ሕመም በማን ላይ እንደሚበረታ ለማወቅ ሲመረምሩ ወደ ለንደን ባለ ፎቅ አውቶቡሶች ተመለከቱ። በነዚህም ያን ጊዜ ሁለት ሰዎች ይሠሩ ነበር፤ ነጂው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውል ነበር፤ ትኬት ቈራጩ ግን በቀን ከ500 እስከ 750 የሚደርስ ደረጃ ይወጣ ይወርድ ነበር። ሁለቱም በኑሮ የሚመሳሰሉ ነበሩ። በ1953 በወጣው ጽሑፍ ትኬት ቈራጮቹ በልብ ሕመም የሚያዙት ከነጂዎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ቢያዙም በዕድሜ ዘግይተው ነበር፤ ሕመሙም ቀለል ይልላቸው ነበር።

በዕረፍት ጊዜ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እሑድ ማለዳ ከአባቱ ጋራ ወደ ቤተ ክርስቲያን ዳገቱን ሲወጡ አባት ሦስት ጊዜ ቆመ፤ በቆመም ቍጥር ከተማውን የሚመለከት መስሎ ትንፋሹን ይሰበስብ ነበር። ከጤና ጣቢያ የደም ግፊትህ ከፍ ብሏልና ተንቀሳቀስ ተብሎ ሳለ፣ ያለ ጕዳይ መሄድ ሥራ የፈታ ሰው ነገር መስሎት ተወው። ልጁ ፈራ። አባትን መምከር ነውር መስሎ ስለ ታየው፣ ማታ ከእሳት ዳር ተቀምጠው የአውቶቡሶቹን ነገር እንደ ተረት አድርጎ አወራው።

አባት ጸጥ ብሎ ሰምቶ፣ «ይህ አያስረዳም» አለ። «ወፍራም የሆነው ገና ከመጀመሪያው መቀመጡን መርጦ ይሆናል። እኔ ወገብ ስለካ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ሰው ሥራውን በሰውነቱ ይመርጣል።»

ተማሪው ደነገጠ። ማንበብ እንጂ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ ለራሱ አልመጣለትም ነበርና። «አባባ፣ ሞሪስም ይህንኑ ጠይቋል» አለ። «በ1956 የደንብ ልብሳቸውን ልክ አገላብጦ ቢመለከት፣ የነጂዎቹ ሱሪ በወገብ የሰፋ ሆኖ ተገኘ፤ የወጣቶቹ ሳይቀር።»

«በሱሪ?» አለ አባት፤ ደስ አለው። «ታዲያ እንዳልሁት አይደለም?»

«በከፊል ነው። አልሸሸገውም። ስለዚህም ኋላ ሁሉም ወንበር ላይ የሚውሉትን የመንግሥት ጸሓፊዎች መረመረ፤ እንደ አንቱ ያሉትን። በ1973 እንደ ጻፈው፣ ከሥራ ውጭ ሰውነታቸውን በብርቱ የሚያሠሩት ከሌሎቹ ይልቅ በልብ ሕመም የሚያዙት ጥቂት ነበሩ።»

አባት እሳቱን ቈስቍሶ ዝም አለ። ከብዙ ጊዜም በኋላ፣ «ሰውዬው ራሱ ስንት ዓመት ኖረ?» ብሎ ጠየቀ።

«በ2009 ሲሞት 99 ዓመቱ ነበር።»

በማግሥቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ የመኪናው ድምፅ ዝም አለ። አባት ልጁን ወደ ሱቁ ጠርቶ የግራ እጁን ዘረጋለትና፣ «ያን ምት ቍጠርልኝ» አለው። ልጁም ሰዓቱን እያየ ቈጠረ። ከዚያም አባት የላይኛውን መንገድ ለመሄድ ጋቢውን ካነሣ በኋላ፣ ከበሩ ላይ ተመልሶ ሜትሩን ከዐንገቱ አወረደና የራሱን ወገብ ለካ፤ ቍጥሩን ግን ለልጁ አልነገረውም።