ደቡብ ታይሮል፦ ማሳውን ያልቆራረሰ ተራራማ አገር



በዚህ ወር የጉዞ ገጻችን ከሰሜን ኢጣሊያ ጫፍ፣ ከአልፕስ ተራሮች መሐል እንውላለን። ቦታው ደቡብ ታይሮል ይባላል። ስሙ እንግዳ ይምሰል እንጂ ለእኛ ጨርሶ ባዕድ አይደለም። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ከአባቶቻችን ጋር ከተዋጉት የኢጣሊያ ጦሮች አንዱ «ፑስቴሪያ» የተባለው የተራራ ክፍለ ጦር ነበር። ስያሜው የተወሰደው ከዚሁ አካባቢ ሸለቆ ሲሆን፣ ፋሺስቶች በሸለቆው ከተማ በብሩኒኮ ሐውልት አቁመውለት ነበር።

የሚገርመው ግን አካባቢው ራሱ የተነጠቀ መሬት መሆኑ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከኦስትሪያ ተቆርጦ ለኢጣሊያ ተሰጠ፤ ሙሶሊኒም የጀርመንኛ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። ከረጅም ትግልና ድርድር በኋላ እ.ኤ.አ. በ1972 ሰፊ የራስ ገዝ መብት አገኘ። ዛሬ ከ530 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ አለው። ከ10 ሰዎች 7ቱ ያህል ጀርመንኛ፣ የቀሩት ጣሊያንኛና ላዲንኛ ይናገራሉ። ከግብሩ 90 በመቶ ያህሉም እዚያው ይቀራል። ለሀብቱ አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ እኛ ግን የበለጠ የሳበን ገበሬው ነው።

ከዋና ከተማዋ ከቦልዛኖ በአዲጄ ወንዝ ሽቅብ ለሚጓዝ ሰው ግራና ቀኙ ፖም ነው፤ ብዙዎቻችን አፕል የምንለው ፍሬ። በአውሮፓ ኅብረት ከሚመረተው ፖም አንድ አሥረኛው ያህል የሚለቀመው ከዚህ ጠባብ ሸለቆ ነው። በሚያዝያ ዛፎቹ ሲያብቡ ውርጭ ይመጣል። ገበሬው ታዲያ በዚያ ብርድ ሌሊት ዛፉ ላይ ውኃ ይረጫል! ነገሩ የፊዚክስ ተማሪዎቻችንን ደስ ይላቸዋል፦ ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ሙቀት ስለሚለቅ፣ አበባው በበረዶ ተሸፍኖ ከዜሮ ዲግሪ ብዙም ሳይወርድ ያነጋል። ርጭቱ ቀድሞ ከቆመ ግን አበባው ይጠፋል፤ ስለዚህ ገበሬው እንቅልፍ የለውም።

የአንዱ ቤተሰብ እርሻ በአማካይ 3 ሄክታር እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለ ትንሽ ገበሬ ከታላላቅ ነጋዴዎች ጋር እንዴት ይደራደራል? አይደራደርም፤ የሚደራደርለት የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ነው። ማኅበሩ የገበሬዎቹ ንብረት ነው፤ ቀዝቃዛ መጋዘኖቹም የእነርሱ ናቸው። በመጋዘኑ ውስጥ ኦክስጅን ስለሚቀነስ ፍሬው ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል። በመስከረም የተለቀመው በጸደይ ይሸጣል። ገበሬው በለቀማ ሳምንት በወረደ ዋጋ እንዲጥል የሚያስገድደው የለም ማለት ነው። በእኛም አገር በጨንቻ ደጋ ፖም ይበቅላል። ለንግድ የምታስቡ ወጣቶች ከዚያ አገር ምን እንደሚመጣ ብትጠይቁን፣ ከማሽኑ በፊት ይህን የመጋዘን ባለቤትነት እንጠቁማችኋለን።

ሌላው ጉዳይ ውርስ ነው። በደቡብ ታይሮል «የተዘጋ እርሻ» የሚባል የቆየ ሕግ አለ። አባት ሲሞት እርሻው አይከፈልም፤ አንዱ ልጅ ይረከበውና ለወንድምና እህቶቹ ካሣ ይከፍላል። ካሣው የሚሰላው በመሬቱ የገበያ ዋጋ ሳይሆን እርሻው በሚያስገባው ገቢ ስለሆነ አነስተኛ ነው። እርሻው በዚህ ዳነ፤ የወጡት ልጆች ግን ከፍለውበታል።

እዚህ ላይ የእኛ መንገድ ይለያል። በሱረቱ-ኒሳእ ለወንዱም ለሴቷም የተወሰነው ድርሻ በማንም ሕግ አይቀነስም። ታላቅ ወንድም መሬቱን ይዞ እህቶቹን በጥቂት ብር የሚሸኝበት ልማድ፣ በየመንደሩ ብናየውም፣ ከሸሪዓ የመጣ አይደለም። ይሁንና ድርሻን መስጠት የግድ ማሳውን በገመድ መቆራረስ አይደለም። ወራሾች ከተስማሙ ንብረቱን በጋራ ይዘው ምርቱን በየድርሻቸው መካፈላቸው በፊቅህ የታወቀ ነው። ማሳው በየትውልዱ እየጠበበ ለሚሄድባቸው ቤተሰቦች ይህ ሊመከርበት የሚገባ ነው።

ወይኑና ያጨሱት የአሳማ ሥጋ የአገሩ ስመ ጥር ምርቶች ናቸው፤ እነርሱን እንለፋቸው። በሽቦ ገመድ ተንጠልጥሎ ተራራ የሚያወጣውን ማመላለሻ የሚሠራው ላይትነር ኩባንያ ግን እ.ኤ.አ. በ1888 በዚሁ በትንሿ ስተርዚንግ ከተማ ተመሥርቶ ዛሬ ለዓለም ይሸጣል።

ከሁሉ የሚበልጠው እንግዳ ነው። ጎብኚዎች በዓመት የሚያድሩት ሌሊት ቢደመር ከ30 ሚሊዮን ያልፋል። ብዙ ገበሬ ከላሞቹ ጎን ለእንግዳ ክፍል ያከራያል። ገንዘቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን መንገዱ በመኪና ተጨናነቀ፣ የቤት ዋጋም ለአዲስ ተጋቢዎች የማይቀመስ ሆነ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2022 የክልሉ ምክር ቤት የእንግዳ አልጋዎችን ቁጥር በሕግ ገደበ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሆቴል ሊከፍት የሚፈልግ ሰው ከገንዘቡ በፊት፣ ሌላው የለቀቀው አልጋ መኖሩን ይጠይቃል።