ዕዳ ከሜዳ

አማርኛ «ብድር» በሚለው አንድ ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል። ከጎረቤት የተወሰደ ገንዘብ ብድር ነው። በሠርጌ ቀን ድንኳን ሲተክልና እንግዳ ሲያስተናግድ የዋለን ወዳጅ በተራው ድግስ ሳገለግለው ብድሬን መለስኩ እላለሁ። ወንድሙን የገደለበትን ሰው አድብቶ የሚገድልም ብድሩን መለሰ ይባላል። ከሃያ ዓመት በላይ በትርጉም ሥራ ስኖር ይህ ቃል ደጋግሞ አስቸግሮኛል፤ እንግሊዝኛው ለገንዘቡ አንድ፣ ለውለታው ሌላ፣ ለበቀሉም ሦስተኛ ቃል አለውና ወደዚያ በተሻገርኩ ቁጥር አንዱን ይዤ ሁለቱን መጣል ግድ ይለኛል። እያደር ግን ለአማርኛው ማድላት ጀምሬአለሁ። ስለ መንግሥታት ዕዳ የሚያወሱ ሰነዶችን ስተረጉም ገንዘቡና ደሙ ምን ያህል በአንድ መዝገብ ላይ እንደ ሰፈሩ አያለሁና። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመንግሥት የብድር ውል ለዛ የሌለው ጽሑፍ ነው፤ አንዱን የተረጎመ ሁሉንም ተረጎመ ማለት ይቻላል። ተበዳሪው መንግሥት ዕዳውን «ያለ ቅድመ ሁኔታና በማይሻር አኳኋን» ለመክፈል ይስማማል። በባዕድ አገር ፍርድ ቤት ቢከሰስ ሉዓላዊነቱን መከላከያ እንደማያደርግ ይፈርማል። ገንዘቡ ለምን እንደሚውል በሚገልጸው አንቀጽ ብዙ ጊዜ የምትቀመጠው «ለጠቅላላ የበጀት ድጋፍ» የምትል አጭር ሐረግ ናት። የፈረመው ሚኒስትር በዓመቱ ከሥልጣን ሊወርድ፣ መንግሥቱም ሊገለበጥ ይችላል፤ ውሉ የሚያውቀው «ተበዳሪ» የሚባለውን ብቻ ነው። ተበዳሪው በፊርማው ቀን ገና ያልተወለደውን ልጅ እንደሚጨምር በግልጽ የሚናገር አንቀጽ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

በድሮው የአገራችን ልማድ ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ይቆራኝ ነበር። ቁራኛ የሚለው ቃል የሚያስታውሰን ይህንን ነው። ጨካኝ ሥርዓት ነበር፤ በመቅረቱ የሚያዝን የለም። ሆኖም አበዳሪውም እጁ ታስሯል፤ ባለዕዳው በሄደበት ይሄዳል፣ በተቀመጠበት ይቀመጣል፣ ሲርበው ያያል። የዛሬው የቦንድ ገዢ ባለዕዳው በካርታ ላይ የት እንዳለ እንኳ ማወቅ አይጠበቅበትም።

ስለ ውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ያልሰማ የአማርኛ አንባቢ ያለ አይመስለኝም፤ ለተርጓሚዎችማ የሙያችን ትልቁ ማስጠንቀቂያ ነው። ከውጫሌ ስምምነት ጥቂት ወራት በኋላ፣ በኦክቶበር 1889፣ መኮንን ጣሊያን አገር ሄደው የፈረሙት ተጨማሪ ውል ግን እምብዛም አይወሳም። በዚያ ውል ለኢትዮጵያ የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተፈቀደ፤ መያዣውም የሐረር የጉምሩክ ገቢ ነበር። እኔን ከ17ኛው አንቀጽ የበለጠ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። በሁለት ቋንቋ የተለያየ አንቀጽ ያከራክራል፤ በመያዣ የተሰጠ ከተማ ግን ክርክርም አያስፈልገው። ዐፄ ምኒልክ ነገሩ የገባቸው ይመስላል። በ1893 ውሉን ሲያፈርሱ ብድሩም ተመልሶ እንዲከፈል አድርገዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊት ስንቁን የጫነው ከራሱ ጎተራና ከባላገሩ ነበር። ለባላገሩ ይህ ቀላል ሸክም ነበር የሚል ካለ ታሪኩን አያውቅም። ያም ሆኖ የጦርነቱ ዋጋ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሰው ፊት፣ በእህልና በከብት ተቆጥሮ ነበር። በገበያው የነበረው ገንዘብም ማርትሬዛ ነበርና ማንም ንጉሥ እንደ ልቡ ሊያበዛው አይችልም፤ ብር ከብር ማዕድን እንጂ ከወረቀት አይሠራም። ሙሶሊኒ እንኳ በ1935 ለወረራው ሲዘጋጅ ማርትሬዛውን በሮም ለማስቀጥቀጥ መብቱን ከቪየና መግዛት ነበረበት።

የጦርነትን ዋጋ ከዓይን ማራቅ የተቻለው በሌላ አገርና ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። እንግሊዝ ከፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ጋር ስትዋጋ በ1690 ባሕር ኃይሏ ክፉኛ ተመታ። ሌላ መርከብ መሥራት ያስፈልጋል፤ የንጉሥ ዊሊያም 3ኛ ግምጃ ቤት ግን ባዶ ነው፤ ነገሥታቱም ዕዳ በመካድ ስማቸው ስለ ጠፋ የሚያምናቸው አበዳሪ የለም። ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ፓተርሰን አንድ መላ አመጣ። ባለሀብቶች ተሰብስበው ለንጉሡ 1.2 ሚሊዮን ፓውንድ በ8 በመቶ ወለድ ያበድሩ፤ በምላሹ ባንክ ሆነው እንዲቋቋሙና የባንክ ወረቀት እንዲያወጡ ይፈቀድላቸው። ገንዘቡ በ12 ቀን ሞላ። የእንግሊዝ ባንክ በ1694 የተወለደው እንዲህ ነው። ዋናው ገንዘብ የሚመለስበት ቀን አልተቆረጠለትም፤ በየዓመቱ የሚፈለገው ወለዱ ብቻ ነበር። ወለዱም የሚከፈለው በመርከብ ጭነትና በቢራ ላይ ከተጣለ ቀረጥ ነው። የለንደኑ ጠጪ ጽዋውን ባነሣ ቁጥር ለጦርነቱ ያዋጣል፤ የጠየቀው ግን የለም።

በእርግጥ አንድ ነገር ለፍርድ መተው አለበት። ያ ባንክ የንጉሡን ቃል በፓርላማ ሕግ አስሮታል፤ ከዚያ በፊት ንጉሥ አልከፍልም ካለ ማን ይጠይቀዋል? ይህን የሚያመሰግኑ የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው፤ ሐሰት አልተናገሩም። ሆኖም የተጠበቀው የአበዳሪው እምነት ነው። የከፋዩን ፈቃድ በተመለከተ ከ220 ዓመት በኋላ በዚያው ባንክ የሆነውን ማየት ይበቃል።

በኖቬምበር 1914 የብሪታንያ መንግሥት ለአንደኛው የዓለም ጦርነት 350 ሚሊዮን ፓውንድ ከሕዝብ ለመበደር የ3.5 በመቶ ቦንድ አወጣ። ጋዜጦች ቦንዱ ከተፈለገው በላይ እንደ ተሸጠ፣ ሕዝቡም ጦርነቱን በኪሱ እንደ ደገፈ ጻፉ። እውነቱ ሌላ ነበር። ሕዝቡ የገዛው ከሦስት እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ቀሪውን ራሱ ባንኩ ገዝቶ፣ ግዢው እንዳይታወቅ በዋና ገንዘብ ያዡና በምክትሉ የግል ስም አስመዘገበው፤ በሒሳብ መግለጫው ላይም «ሌሎች ሰነዶች» በሚል ርእስ ሥር ሸሸገው። በግምጃ ቤት ይሠራ የነበረው ጆን ሜይናርድ ኬንስ ነገሩን ያውቅ ነበር፤ በምስጢር በጻፈው ማስታወሻም የአሠራሩን ብልጠት አድንቋል። ይህ ሁሉ ለአደባባይ የበቃው በ2017 የባንኩ ተመራማሪዎች የቆየውን መዝገብ አገላብጠው ሲያወጡት ነው። ያን ጊዜ ፋይናንሻል ታይምስ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ዜናውን አረመ።

ይህን ታሪክ ሳነብ ከማጭበርበሩ በላይ የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ሕዝቡ በኖቬምበር 1914 መልስ ሰጥቶ ነበር። ቦንዱን ባለመግዛቱ «ይህን ያህል አልሰጥም» ብሎ ነበር። መልሱን ሰምቶ የደበቀው ባንኩ ነው። ጦርነቱም ቀጠለ። በ1917 የወጣው ሌላ የጦርነት ብድር ወለዱ በ1932 ወደ 3.5 በመቶ ዝቅ ተደርጎ እየተንከባለለ የመጨረሻው 1.9 ቢሊዮን ፓውንድ የተከፈለው በማርች 2015 ነው። በዚያ ጦርነት ከተሰለፉት አንድም ሰው በሕይወት አልነበረም።

እዚህ ላይ ከሚያቻኩሉ ሰዎች ጋር መንገዴ ይለያያል። ጦርነትን ሁሉ የሚያስነሡት ባንኮች ናቸው፣ ማዕከላዊ ባንክ ቢፈርስ ሰላም ይወርዳል የሚሉ ጽሑፎች ለትርጉም ቀርበውልኛል። የእኛ ቀጠና ይህን አያረጋግጥም። ሶማሊያ ከ1991 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ማዕከላዊ ባንክ አልነበራትም። ጦርነቱ አልቆመም፤ የጦር አበጋዞችና ነጋዴዎች የሶማሊያን ሺልንግ ውጭ አገር እያሳተሙ በመርከብ አስገቡ። መንግሥት ፈረሰ፣ ባንክ ፈረሰ፤ ያልፈረሰው ዕዳው ብቻ ነበር። ከዚያድ ባሬ ዘመን የተወረሰው ብድር፣ የሚከፍለው መንግሥት በሌለበት፣ ውዝፍ እየጨመረ ቆየ። በዲሴምበር 2023 ለሶማሊያ 4.5 ቢሊዮን ዶላር የዕዳ ቅነሳ ሲጸድቅ፣ ከአገሪቱ ሕዝብ አብዛኛው ገንዘቡ ሲወሰድ ገና አልተወለደም ነበር። ዕዳ ከሜዳ የሚባለው ይህ ነው።

ጦርነትን የሚፈልጉት ገዢዎች ናቸው። ባንኩ የሚሰጣቸው ሕዝቡን ሳይጠይቁ የመጀመር ምቾትን ነው። ገንዘብ የማውጣት ሥልጣንም ራሱ የጦር ሜዳ ይሆናል። ኤርትራ በኖቬምበር 1997 ናቅፋን ስታወጣ ኢትዮጵያም የብር ኖቶቿን ቀየረች፤ ከ2,000 ብር በላይ የሆነ ንግድም በውጭ ምንዛሪና በሌተር ኦፍ ክሬዲት እንዲሆን ተወሰነ። የሰነዱ ይፋዊ የአማርኛ ስም «የባንክ መተማመኛ ሰነድ» ነው። መተማመን በጠፋበት ወራት በዛላምበሳ በኩል ከብትና ጤፍ ሲያሻግሩ የኖሩ ሰዎች መተማመኛ አምጡ ተባሉ። በሜይ 1998 ባድመ ላይ ተኩስ ተከፈተ። የጦርነቱ ምክንያት ገንዘብ ብቻ ነው አልልም፤ ግን ከጥይቱ ስድስት ወር ቀድሞ የተዘጋው የገበያው በር ነበር። በሱዳን ደግሞ በ2023 ከተነሣው ጦርነት መካከል፣ በ2024 መጨረሻ፣ ማዕከላዊው ባንክ የ500 እና የ1,000 ፓውንድ ኖቶችን ሲቀይር ለውጡ የተካሄደው ሠራዊቱ በያዛቸው አካባቢዎች ብቻ ነው። በዳርፉር ያለች እናት በመቀነቷ የቋጠረችው ወረቀት የገንዘብነት ዋጋው በጦር ግንባሩ መስመር ተወሰነ።

የአክስቴ ልጅ በ1999 መጀመሪያ ባድመ ግንባር ወደቀ። አክስቴ የልጇን መርዶ ወረቀትና በ1977፣ በሶማሊያ ወረራ ጊዜ፣ ለእናት አገር ጥሪ ያዋጣችበትን ደረሰኝ በአንድ ፖስታ ታኖራለች። ያኔ ወደድሽም ጠላሽም ተብላ እንደ ሰጠች ትናገራለች፤ ቢሆንም ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ስንት እንደ ሰጠች ታውቃለች። በልጇ የምታገኘው ጡረታ ግን ከስሙ በቀር ሌላው ሁሉ አልቋል። በሰሜን ኢትዮጵያ ከኖቬምበር 2020 እስከ ኖቬምበር 2022 በቆየው ጦርነት ወቅት መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ይበደር ነበር፤ በ2022 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሆነ። በዲሴምበር 2023 አገሪቱ የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ያ ቦንድ በ2014 ሲወጣ ለጦርነት እንዳልነበረ መናገር ይገባል፤ ለችግሩም ወረርሽኙን ጨምሮ ብዙ ምክንያት አለው። በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አክስቴ በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ምን ያህል እንዳዋጣች የሚገልጽ ደረሰኝ በፖስታዋ ውስጥ የለም።

የምኖርባት ናይሮቢ በ2024 የፋይናንስ ረቂቅ ሕግ ቀርቦባት ነበር። ኬንያ ዕዳዋን የገባችው እንደ ጎረቤቶቿ በጦርነት አይደለም፤ ከፋዩ ግን ያው ነው። ወጣቶቹ ረቂቁን ወደ አገሬው ቋንቋዎች እየተረጎሙ አሰራጩት፤ በሙያዬ የቀናሁበት ጊዜ ቢኖር ያን ሰሞን ነው። በጁን 25 ወደ ፓርላማው ገቡ፤ ብዙዎች ተገደሉ፤ በማግሥቱ ፕሬዚዳንቱ ረቂቁን እንደማይፈርሙ አስታወቁ። ያ ግብር ረቂቅ ሆኖ ስለ መጣ ሊተረጎምና ሊነበብ ቻለ። ማዕከላዊ ባንክ ለግምጃ ቤት የሚያበድረው ገንዘብ ረቂቅ የለውም። ለእኔ ዓይነቱ ተርጓሚ የሚደርሰው ገንዘቡ ከተበተነ፣ ሰውም ከተቀበረ በኋላ፣ በዘገባ ሰንጠረዥ ውስጥ ነው። ባለፈው ዓመት እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ መጥቶልኝ «ለማዕከላዊ መንግሥት የተሰጠ የተጣራ ብድር» የሚለውን ረድፍ አርእስት ተረጎምኩ፤ በ2021 እና በ2022 ዓምዶች ሥር ያሉትን ቁጥሮች እንዳሉ ገልብጬ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፍኩ።