ከግድቡ እግር ሥር የፈለቀ ውሃ

ከአሶሳ ወጣ ብሎ፥ ጎርፍ እንዲያግድ ቀድሞ የተሠራ አንድ የአፈር ግድብ አለ፤ የቅኔ ተማሪዎቼም ጎጆዎች ከበታቹ ናቸው። ከግድቡ እግር ውሃ ሲወርድ ባየሁ ጊዜ እኔ፥ ሰምና ወርቅ እለያለሁ የምለው ሰው፥ ምንጭ ፈለቀልን ብዬ ተማሪዎቹ እንዲቀዱ አዘዝሁ።

ኋላ አንድ የግድብ ዐዋቂ መጥቶ አየና፥ «የኔታ፥ የአፈር ግድብ ጥቂት ማንጠባጠቡ ያለ ነው፤ ጠርቶ ሲወርድ ብዙ አያስፈራም። ደፍርሶ ከወረደ ግን ውሃው የግድቡን ሆድ እየበላው ነውና ልጆቹን ይዘው ይሽሹ» አለኝ። ምስጥ የቦረቦረውን፥ የዛፍ ሥር የሰነጠቀውን፥ ደግሞም በትርፍ ውሃው ማስተንፈሻ ላይ የበቀለውን በቆሎ አሳየኝ። በቆሎው የአንዱ ተማሪዬ ነበረ።

ከድንበራችን ማዶ፥ በሱዳን ብሉ ናይል በተባለው ግዛት፥ የቡት የአፈር ግድብ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. በዝናም ፈርሶ ከ600 የሚበልጡ ቤቶችን አጠፋ። በሊቢያ ከደርና ከተማ በላይ ለጎርፍ መከላከያ በአፈርና በድንጋይ የተሠሩት ሁለቱ ግድቦች ግን መሰንጠቃቸው ከ20 ዓመት በፊት ጀምሮ የታወቀ ነበር፤ ጥገናውም ተጀምሮ ተቋረጠ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል፥ ያውም የዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ቀን፥ ሁለቱም ተናዱ፤ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ በተኛበት አለቀ።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው አንድ ተማሪ ውሃውን በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ፀሐይ አንሥቶ ያሳየኛል። ትናንት ጥቂት ደፍርሶ ወጣ። ከኛ በታች ላሉት ቤቶች ልጆች ልኬ አስነገርሁ፤ ለሚመለከተውም መሥሪያ ቤት ጻፍሁ፤ ጎጆዎቹንም ወደ ኮረብታው ማንሣት ጀምረናል።