ፓስፖርት የማይጠየቅ ጭስ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ጭስ ነው። በእኛ ዘንድ ጭስ የኑሮ ምልክት ነው፤ ጭስ የማይታይበት ቤት ሰው እንደሌለበት ይቆጠራል። ድንበር ተሻግሮ የሰው ደረት የሚዘጋ ጭስ መኖሩን ያየሁት ግን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2015 ለአጭር ሥልጠና ወደ ሲንጋፖር በሄድሁ ጊዜ ነበር።

በንጽሕናዋ የምትታወቀውን ያችን ከተማ ያገኘኋት ግራጫ ጋቢ ተከናንባ ነው። ፀሐይ በእኩለ ቀን እንደ ፍም ትቀላለች፤ የቃጠሎው ሽታ መኝታ ቤት ድረስ ይገባል። በወሩ 25ኛ ቀን የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ።

አብሮኝ የሚሠለጥን አንድ ኢንዶኔዥያዊ ነበር። እናቱ የሚኖሩት በቦርኒዮ ደሴት፣ በፓላንግካራያ ከተማ ነው። «እናንተን እዚህ የሚያስላችሁ የእኛ ትራፊ ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር። ከ300 ሲያልፍ «አደገኛ» በሚባለው መለኪያ፣ የእናቱ ከተማ አየር በዚያ ወቅት ከ1,000 በላይ ደርሶ ነበር።

የነገሩ ሥር ወዲህ ነው። በዚያ አገር በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት የተከማቸ የዕፀዋት ብስባሽ የሞላበት ሰፊ ረግረግ አለ። ለፓልምና ለወረቀት ዛፍ ተክል ሲባል ውኃው በቦይ ይጠፈፋል፤ መሬቱን ለመመንጠር ደግሞ ከእሳት የረከሰ መሣሪያ የለም። እንደ 2015 ኤልኒኞ ዝናቡን ሲያስቀረው፣ እሳቱ ከአፈር በታች ገብቶ ለሳምንታት ይጨሳል። በዚያ ዓመት 2.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ተቃጠለ።

ለመሆኑ መንግሥታት የት ነበሩ? የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ድንበር ተሻጋሪውን ጭስ ለመከላከል የተፈራረሙት በ2002 ነው። የጭሱ ዋነኛ ምንጭ ኢንዶኔዥያ ስምምነቱን ያጸደቀችው ግን ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ2014 ነበር። ባጸደቀች በዓመቱ ያ ሁሉ ጭስ መጣ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

ጭሱን እንደ አየር ጠባይ ተቀብለው ለመቀመጥ እምቢ ያሉት ተራ ሰዎች ናቸው። በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞች ቦዮቹን በግድብ እየዘጉ፣ ጉድጓድ እየቆፈሩ እሳት ጠበቁ። በሲንጋፖርም የሸማቹ ቁጣ በርትቶ፣ በቃጠሎው የተጠረጠረ አንድ ኩባንያ የወረቀት ምርቶች ከትላልቅ መደብሮች መደርደሪያ ወረዱ። ከሁሉም በላይ የገረመኝ በ2016 ሰባት ዜጎች እዚያው ፓላንግካራያ ፕሬዚዳንታቸውንና ሚኒስትሮቻቸውን መክሰሳቸው ነው። በ2017 ረቱ፤ በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አጸናላቸው። በ2022 ግን ያው ፍርድ ቤት ጉዳዩን ዳግም መርምሮ ውሳኔውን ሻረው።

ታዲያ ድካማቸው ከንቱ ቀረ? በእኔ እምነት አልቀረም። ጭሱ የእግዜር ቁጣ ሳይሆን ባለቤትና ተጠያቂ ያለው ጥፋት መሆኑን በአደባባይ አስመስክረዋልና።

ያ ባልደረባዬ በስንብታችን ዋዜማ «በአገራችሁ በምን ዘይት ታበስላላችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። «በኑግ» አልሁት፣ በኩራት። አዲስ አበባ ተመልሼ ወጥ ቤት ስገባ ከሸማቾች ማኅበር ተሰልፈን የገዛነው ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል። ያ የሚረጋው ፓልም ዘይት ነው! ጽሑፉን አነበብሁት፤ የመጣው ከዚያው ከጭሱ አገር ነበር። ዋሽቼው ኖሯል። አላወቅሁም ነበር ማለት ያነጻኛል? ድሃ ወገኔን ርካሽ ዘይት አትግዛ የምልበት አፍ የለኝም፤ ዘይቱን በገፍ የሚያስገቡትን ግን «ከማን እርሻ አመጣችሁት?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ከመሃላችን መጥፋቱ ያሳፍረኛል።

ሕግ የለም እንዳንል ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ለሁሉም ሰው ይሰጣል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300ም ማንኛውም ሰው የግል ጉዳት እንደደረሰበት ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካዩ ላይ ክስ እንዲያቀርብ ፈቅዷል። የእነዚያ ሰባት ሰዎች ዓይነት መንገድ ለእኛም በወረቀት ላይ ተጠርጎልናል ማለት ነው። ከወንዞቻችን ዳር አፍንጫችንን ይዘን የምናልፍ እኛ፣ ስንቶቻችን ሄድንበት?

እናትየው ከዚያ ጭስ በሕይወት ወጥተው ይሆን? በዚያች ውሸት አፍሬ ለልጃቸው እስከ ዛሬ አልጻፍሁለትም። ዛሬ እጽፍለታለሁ፤ የምጀምረውም በይቅርታ ነው።

ቸር ይግጠመን።