ጉንፋን

ወንዶ ገነት የሄድነው ፈተና በጨረስን ማግስት ነው። አምስት ነበርን። ከሻሸመኔ በሚኒባስ ተሳፍረን፣ የጫቱንና የሸንኮራውን ማሳ አልፈን ስንደርስ ተራራው ጉም ለብሷል፤ ከደኑ ግርጌ ደግሞ ምድሩ ይጨሳል።

መዋኛው በር ላይ አንዱ ጓደኛችን፣ «እኔ ጉንፋን ይዞኛል፣ እናንተ ግቡ» አለን። «ለጉንፋን እኮ ነው ፍል ውሃ!» ብለን ሳቅንበት፤ ትኬታችንን ቆርጠን ገባን። ደስ አለን፣ ተዝናናን፣ ረሳነው።

ስንወጣ የለም። ፈልገን ፈልገን ሽቅብ ብንወጣ፣ ውሃው እየተንፈቀፈቀ ከሚመነጭበት ቦታ ከእረኞች ጋር ቁጭ ብሏል። ድንች በጨርቅ ቋጥረው ምንጩ ውስጥ ይቀቅላሉ። አያስለው፣ አያስነጥሰው። ያኔ ገባን፤ ያጠረው የትኬቱ ብር ኖሯል። ሁለት ዓመት አንድ ዶርም አብረነው ስናድር ይህን አላወቅንም።

«ብሉ እንጂ፣ በስሏል» አለን።

እጃችንን እያቃጠለን በላን። ከመካከላችን ጂኦሎጂ የሚማረው ዝምታውን ለመስበር ያህል ማስረዳት ጀመረ፦ ይህ ውሃ ተራራው ላይ የጣለ ዝናብ ነው፤ በዓለቱ ስንጥቅ ጠልቆ፣ በስምጥ ሸለቆው የምድር ሙቀት ግሎ ተመልሶ ይወጣል። ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ሰማነው። ይቅርታ ያለ ግን አልነበረም።

ይህን የጻፍነው እሱን አስፈቅደን ነው። አሁን በዶርማችን ኪሱ የሳሳ ሁሉ «ጉንፋን ይዞኛል» ይላል። ማንም አይስቅም፤ ያለው ያዋጣል።