ግራር ላይ የምታርፈው እንግዳ

ከመስቀል በኋላ በነበረው ቅዳሜ የልጅ ልጄን ይዤ ከአዳማ ወደ አብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ሄድኩ። ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጥፈን፣ መቂንና ባቱን (የድሮዋን ዝዋይ) አልፈን ላንጋኖ ስንቃረብ ግራሩ ግራና ቀኝ ይጀምራል። ልጅቷ የጓጓችው ሰጎን ለማየት ነበር። በሩ አካባቢ አየችና ወዲያው ጠገበች። የእኔ ጉዳይ ሌላ ነበር።

አስጎብኚያችን ከአንድ ትልቅ ግራር ሥር አቁሞን ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። ጀርባዋ አረንጓዴ፣ ደረቷ ነጣ ያለ ቢጫ የሆነ፣ ከዓይኗ በላይ እንደ ቅንድብ ፈዛዛ መስመር ያላት ትንሽ ወፍ ከቅጠል ቅጠል እየዘለለች ነፍሳት ትለቅማለች። ዊሎ ዋርብለር ይሏታል። ክብደቷ አሥር ግራም ገደማ ነው፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር። ዕድሜዬን ጨቅላ ስመዝን የኖርኩ ነርስ ነኝና ሒሳቡ ወዲያው መጣልኝ፤ ሦስት ኪሎ የሚመዝን አራስ 300 ወፍ ማለት ነው።

«እማማ፣ እንቁላሏን የት ነው የምትጥለው?» አለች ልጅቷ።

እዚህ አይደለም። የምትፈለፍለው ከሰሜን አውሮፓ እስከ ሳይቤሪያ ባለው አገር ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሣር ውስጥ፣ መሬት ላይ ጎጆ ሠርታ ስድስት ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻዋን ትታቀፋለች። ፊንላንድ ውስጥ በብዛት ከሚገኙት ወፎች አንዷ ናት። በደቡብ እንግሊዝ ግን ባለፉት አሥርት ዓመታት ቁጥሯ በጣም ቀንሷል። መስከረምና ጥቅምት እኛ ጋ ትደርሳለች፤ ጥቂቶቹ እዚሁ ይከርማሉ፣ ብዙዎቹ ወደ ደቡብ ያልፋሉ፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በዚሁ በኩል ይመለሳሉ። ላባዋን በዓመት ሁለት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ትቀይራለች፤ አንዴ እዚያ፣ አንዴ አፍሪካ። በባሌ ደን ቡናማ ዘመድ አለቻት፤ እሷ አገሯን ለቃ አትሄድም፣ እዚያው ትፈለፍላለች።

የእኛዋ እንግዳ የምትመጣው ለስንቅ ነው፤ ስንቋ ደግሞ ግራሩ ላይ ነው። ፓርኩ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው ይባላል፤ ግማሽ ያህሉ ሐይቅ ነው። ከቀረው መሬት ላይ ግራሩ ለከሰል፣ ለእርሻና ለግጦሽ ሲመነጠር ብዙ ዘመን ሆኖታል። ከዛፉ ሥር ቆሜ ዙሪያዬን ስመለከት ከቆመው ይልቅ ጉቶው በዝቶ ታየኝ።

ስንመለስ ከመንገዱ ዳር ከሰል የሞላ ጆንያ በየቦታው ተደርድሯል። ሾፌራችን የጎረቤት ልጅ ነው፤ በዚህ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር አንድ ጆንያ እንደምጭን ያውቃል። ፍጥነቱን ቀነስ አደረገና «እማማ፣ ልቁም?» አለኝ።

«ዛሬ ይቅር» አልኩት።

ልጅቷ እስከ መቂ ድረስ ጆንያ ስትቆጥር ሄደች፤ 41 ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። አዳማ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ቡና ተፈላ፤ ካለፈው ጆንያ በተረፈው ከሰል።