ግሥላውና ፒያሳ

በ1958 ዓ.ም. በአሜሪካ በኅብረ ቀለም በሚሣል የጀግኖች መጽሔት የታየው «ብላክ ፓንተር»፥ ማለት ጥቁር ግሥላ፥ በየካቲት 2010 ዓ.ም. ሲኒማ ሆኖ ወጣ። ባዕድ ያልገዛት፥ ዋካንዳ የተባለችው የሐሳብ አገር ኢትዮጵያን ትመስላለች ብለው ደስ ያላቸው ተመልካቾች ነበሩ፤ ሌሎች ግን ቀለም የበዛበት ተረት ነው ብለው ናቁት።

በጎንደር ፒያሳ የቆመ ሰው ሦስተኛ ፍርድ ያገኛል። የሰፈሩ ስም የጣልያን ቃል ነው፤ በወረራው ዘመን የተተወ ነው፤ ጎንደርም ነፃ የወጣችው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ዋካንዳ ተሰውራ ቁስል ሳያገኛት ኖረች፤ ኢትዮጵያ ግን ቆስላ ተነሣች። ጌታም ከትንሣኤው በኋላ የችንካሩን ምልክት ለቶማስ አሳየ እንጂ አልሰወረም። ስለዚህ ለልጆች ግሥላውን ማሳየት አይከፋም፤ የፒያሳን ስም ምክንያት ሳይነግሩ መቅረት ግን ይከፋል።